የማን ክብር? የቻይናውያን የክብር እሴትና የክርስትና ተልእኮ

በቻይና የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን የሃይማኖት እንቅስቃሴ የሚመለከት ዝርዝር ደንብ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ የውጭ ዜጎች በተፈቀደላቸው ቦታ ተሰብስበው እንዲያመልኩ ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃድ መስበክን፣ ከቻይናውያን መካከል አማኝ መመልመልን፣ የሃይማኖት ድርጅት ማቋቋምንና የሃይማኖት ጽሑፍ ማሰራጨትን ግን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር ስለ ወንጌል ተልእኮ በሚነጋገሩ አማኞች ዘንድ ሁለት ማብራሪያዎች ይሰማሉ። አንዱ ነገሩን ሁሉ የኮሚኒስት ፓርቲው ፍርሃት ያመጣው አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ ቻይናውያን «የክብርና የነውር ሕዝብ» ስለሆኑ ወንጌሉ በዚሁ መንገድ ቢቀርብላቸው በሩ ይከፈታል ይላል።

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ያልፉታል። ፓርቲው ከመመሥረቱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የቻይና ንጉሠ ነገሥት የክርስትናን ስብከት ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም የክብር ጉዳይ ነበር። ክብርን እንደ ስብከት ስልት ብቻ የሚያዩት ደግሞ ክብር ባለቤት እንዳለው ይረሳሉ። በቻይና ምድር የክርስትና ተልእኮ የተሳካበትም የተሰናከለበትም ጊዜ ሲመረመር፣ ጎልቶ የሚወጣው ጥያቄ የማን ክብር ተጠበቀ፣ የማንስ ተገፈፈ የሚለው ነው።

ፊት፣ ስምና ነውር

ቻይናውያን የሰውን ክብር ብዙ ጊዜ በፊት ይገልጹታል፤ ለዚህም ሁለት የተለያዩ መጠሪያዎች አሏቸው። ሁ ሺየንጂን የተባለች ቻይናዊት አንትሮፖሎጂስት በ1944 ባሳተመችው ጥናት ልዩነታቸውን አብራርታለች። «ሚያንዚ» በሥልጣን፣ በሀብት፣ በትምህርትና በዝና የሚገኝ፣ የሚጨምርና የሚቀንስ ማኅበራዊ ከበሬታ ነው። «ሊያን» ግን ማኅበረሰቡ በአንድ ሰው ሥነ ምግባር ላይ ያለው እምነት ነው። ድኻው ገበሬ ሊኖረው፣ ሹሙ ሊያጣው ይችላል፤ ያጣው ሰው ደግሞ በሰው ፊት ቀና ብሎ መቆም ያቅተዋል። በአጭሩ የመጀመሪያው የደረጃ፣ ሁለተኛው የጨዋነት ጉዳይ ነው። ስለ ቻይና የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ ድምዳሜዎች የሚመጡት ሁለቱን አንድ ከማድረግ ነው።

ይህ ልዩነት አንድ የቆየ ክርክርንም ያጠራል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሩት ቤኔዲክት በ1946 ስለ ጃፓን ባወጣችው መጽሐፍ ውስጣዊ የበደለኝነት ስሜት በሚገዛቸውና የሰው ዐይን በሚገዛቸው ባህሎች መካከል ልዩነት አስቀምጣ ነበር። ሐሳቡ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ሲገባ ቻይናንም ጠቅልሎ ያዘ፤ ቻይናዊ ካልታየ አያፍርም የሚል ግምትም አስከተለ። የቻይና ጥንታዊ መምህራን ያስተማሩት ግን ሌላ ነው። ኮንፊሽየስ ሕዝብን በሕግና በቅጣት ብቻ ቢመሩት ቅጣቱን ይሸሻል እንጂ እፍረት አይኖረውም፤ በመልካም ምግባርና በሥርዓት ቢመሩት ግን እፍረትን ያውቃል፣ ራሱንም ያቀናል ብሎ አስተምሯል። መንሺየስም የሚያፍር ልብ የጽድቅ ሥራ መነሻ ነው ይላል። እንግዲህ እፍረት በዚያ ትውፊት የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኅሊና ጉዳይም ነው።

በዚህ ላይ «ሺያው» የሚባለው፣ ወላጅን የማክበር ግዴታ ይጨመራል። ይህ ግዴታ በወላጅ ሞት አያበቃም። የሞቱትን በስማቸው መጥራት፣ መቃብራቸውን በየዓመቱ በኤፕሪል መጀመሪያ ገደማ በሚውለው የቺንግሚንግ በዓል መጥረግ፣ በስማቸው በተጻፈ ሰሌዳ ፊት መስገድ፣ ዘራቸው እንዳይቋረጥ ልጅ መውለድ ሁሉ የዚሁ አካል ነው። ትውፊቱ የሺያው ፍጻሜ በዓለም ስምን አስጠርቶ ወላጅን ማስከበር እንደሆነ ያስተምራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ክብር የራሱ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩትና ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ባለድርሻዎች ናቸው። ወንጌል ሰባኪው አንድን ሰው የሚያናግር ቢመስለውም፣ የሚያናግረው ይህን ሁሉ ሰው ነው።

ሪቺ ያገኘው ክብርና ያልተሸፈነው መስቀል

ኢየሱሳውያን ተብለው የሚጠሩት የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነው ጣሊያናዊው ማቴዎ ሪቺ በ1583 ከባልደረባው ሚኬሌ ሩጂየሪ ጋር ወደ ደቡብ ቻይና ሲገባ የቡድሃ መነኮሳትን ልብስ ለብሶ ነበር። መነኮሳቱ በሊቃውንቱ ዘንድ ብዙም ከበሬታ እንደሌላቸው ሲረዳ በ1595 ልብሱን ትቶ የኮንፊሽየስ ሊቃውንትን የሐር ልብስ ለበሰ። በዚያው ዓመት በቻይንኛ ያዘጋጀው ጽሑፍ ስለ ሲኦል ወይም ስለ ኃጢአት ሳይሆን ስለ ወዳጅነት ነበር፤ ወዳጅነት የኮንፊሽየስ ትምህርት ከሚዘረዝራቸው አምስት ግንኙነቶች አንዱ ነውና። በ1602 የታተመው የዓለም ካርታውም ቻይናን ከዳር አንሥቶ ወደ መካከል አስገብቷታል። ሪቺ በ1601 ቤጂንግ ገባ፤ በ1610 ሲሞት ንጉሠ ነገሥት ዋንሊ መቃብር የሚሆነው መሬት ሰጠው። ለባዕድ ሰው ይህ ተራ ክብር አልነበረም። በ1603 የተጠመቀው ሹ ጓንግቺ ኋላ ከመንግሥቱ ከፍተኛ ባለሥልጣናት አንዱ ሆኗል።

ይህ ስኬት ብዙ ጊዜ እንደ አርአያ ይጠቀሳል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የክብር መንገድ የት ላይ እንደሚቆም የሚያሳየውም ይኸው ታሪክ ነው። ሪቺ ወደ ዋና ከተማዋ በሚጓዝበት ጊዜ ማ ታንግ የሚባል የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ዕቃውን ሲፈትሽ የተሰቀለውን ክርስቶስ ምስል አገኘ። በንጉሡ ላይ ድግምት ለማድረግ የተዘጋጀ መስሎትም ደነገጠ። ለሊቃውንቱ የሥነ ፈለክና የሒሳብ መምህር ሆኖ መቅረብ ቀላል ነበር፤ በሕግ ተፈርዶበት ዕርቃኑን የተገደለን ሰው ጌታ ብሎ ማቅረብ ግን ከባድ ነበር። በ1660ዎቹ ያንግ ጓንግሺየን የተባለ የክርስትና ተቃዋሚ ኢየሱሳውያን ራሳቸው ያሳተሙትን የስቅለት ሥዕል አባዝቶ፣ አምላካቸው የተቀጣ ወንጀለኛ መሆኑን ምስላቸው ይመሰክራል ሲል ከሰሰ። በዚህ ክስ ምክንያት የቤተ መንግሥቱ የሥነ ፈለክ ኃላፊ የነበረው ጀርመናዊው አዳም ሻል እስከ መታሰር ደርሷል።

ያንግ ስለ ክርስትና ያለው ድምዳሜ ስሕተት ቢሆንም፣ መስቀል የነውር ሞት መሆኑን ግን ከብዙ ሰባኪዎች ይልቅ በግልጽ አይቷል። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት ክርስቶስ ነውርን ንቆ መስቀሉን ታገሠ ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው። የቻይና ባህል ወንጌሉን ሲሰማ የሚሰናከልበት ቦታና የወንጌሉ እምብርት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ በልብስና በካርታ የሚስተካከለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

የሥርዓቶቹ ክርክር፦ የሞቱት አባቶች ምን ይሁኑ?

ሪቺና ተከታዮቹ ለአባቶችና ለኮንፊሽየስ የሚደረገው ስግደት የአክብሮት እንጂ የአምልኮ ሥርዓት አይደለም ብለው ክርስቲያኖች እንዲቀጥሉበት ፈቀዱ። በ1630ዎቹ የመጡት የሌሎች የካቶሊክ ማኅበራት አባላት፣ ዶሚኒካውያንና ፍራንሲስካውያን፣ ግን በገጠር ያዩት ሌላ ነበር። ተራው ሕዝብ ለሰሌዳው ምግብ ያቀርባል፣ ዕጣን ያጥናል፣ ከሙታን በረከት ይለምናል። ሁለቱም ያዩትን ነበር የተናገሩት፤ አንዱ በሊቃውንቱ ቤት ሌላው በገበሬው ቤት። ሮምም በ1645 ከለከለች፤ በ1656 ደግሞ ከሌላው ወገን ማብራሪያ ሰምታ ፈቀደች።

ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1692 ክርስቲያኖች በአብያተ ክርስቲያኖቻቸው እንዲያመልኩ የሚፈቅድ አዋጅ አውጥቶ ነበር። በ1700 ኢየሱሳውያን ሲጠይቁትም ሥርዓቶቹ ለአባቶችና ለመምህሩ የሚቀርቡ የምስጋናና የአክብሮት መግለጫ መሆናቸውን አረጋገጠላቸው። በዚህ ጊዜ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። የቻይናን ሥርዓት ትርጉም የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? የአገሪቱ ንጉሠ ነገሥት ስለ ገዛ ሕዝቡ ልማድ የሰጠው ምስክርነት በሩቅ አገር በተቀመጠ ጉባኤ ሊሻር ይችላልን? የሮም ሊቀ ጳጳስ ክሌመንት 11ኛ በ1704 ሥርዓቶቹን ከለከለ፤ መልእክተኛው ሻርል ደ ቱርኖንም ወደ ቤጂንግ ተጓዘ። በ1706 ካንግሺ የሥርዓቶቹን ዋና ተቃዋሚ ፈረንሳዊውን ጳጳስ ሻርል ሜግሮን ፊት ለፊት ሲፈትነው፣ ጳጳሱ ከዙፋኑ በላይ የተጻፉትን አራት ፊደላት በሙሉ ማንበብ አልቻለም። ፊደሉን የማያነብ ሰው የቻይናን ትምህርት ሊመረምር እንዴት ይነሣል ብሎ ንጉሡ ተቆጣ። ያ ጉባኤ የአንድ ሰው ኀፍረት ብቻ አልነበረም፤ ተልእኮው በንጉሡ ፊት የነበረውን ሊያን አጣ።

ክልከላው በ1715 ተደገመ። ካንግሺ በ1721 የውሳኔውን ትርጉም ካነበበ በኋላ ስብከቱ እንዲቆም አዘዘ፤ ልጁ ዮንግዠንግም በ1724 ክርስትናን በይፋ ከለከለ። ቤነዲክቶስ 14ኛ በ1742 ጉዳዩን ዘግቶ ሚሲዮናውያን ሁሉ ክልከላውን ለማክበር እንዲምሉ አደረገ። ፒዮስ 12ኛ በ1939 ክርስቲያኖች በሙታን ምስልና ስማቸው ብቻ በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት በአክብሮት እንዲሰግዱ እስኪፈቅድ ድረስ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ቻይናዊ ካቶሊክ ለመሆን በዘመዶቹ ፊት ወላጁን የካደ ሰው መሆን ነበረበት።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሪቺ ቤጂንግ በገባ በሁለት ዓመቱ፣ በ1603፣ የዚያው ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ የአገሩን ቋንቋና ልማድ አጥንቶም በትዕግሥት ተጓዘ። በ1625 የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን በ1626 አፄ ሱስንዮስ በአደባባይ ለሮም መታዘዛቸውን እንዲያውጁ አደረገ፤ የተጠመቀው ዳግም እንዲጠመቅ፣ የተሾመው ካህን ዳግም እንዲሾም ጠየቀ። ይህ ጥያቄ የሙታን አባቶችን እምነት ከንቱ ማድረግ ነበር፤ ከብዙ ደም በኋላም በ1632 ሃይማኖቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ኢትዮጵያ ከጥንት ክርስቲያን ስለነበረች ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። የሁለቱ ተልእኮዎች መሰናከያ ግን ይቀራረባል፦ አዲሱን ለመቀበል የአባቶችን ስም ማዋረድ ግድ ሆኖ ቀረበ።

በጦር መርከብ የመጣ ውርደት

ከ1842 የናንጂንግ ውል ጀምሮ የክብር ጥያቄ ከቤተሰብ ወደ አገር ተሻገረ። ቻይና በኦፒየም ጦርነቶች ተሸንፋ በፈረመቻቸው ውሎች፣ በተለይም በ1858ና በ1860 በተፈረሙት፣ ሚሲዮናውያን በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመስበክ መብት አገኙ። ወንጌሉ ከኦፒየም ጋር በአንድ ሰነድ ገባ። ቻይናውያን ያን ዘመን እስከ ዛሬ የውርደት ክፍለ ዘመን ይሉታል። «አንድ ክርስቲያን ሲጨመር አንድ ቻይናዊ ይጎድላል» የሚለው አባባልም ያንኑ ስሜት ይገልጻል።

ሚሲዮናውያኑ ግን ሁሉም አንድ አልነበሩም። የቻይና የውስጥ አገር ሚሲዮንን በ1865 የመሠረተው እንግሊዛዊው ሃድሰን ቴይለር የአገሬውን ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን እንደ ቻይናውያን ጎንጉኖ ኖረ። በ1900 የውጭ ዜጎችን በሚቃወሙት በቦክሰሮች ዐመፅ ከማኅበሩ 58 ጎልማሶችና 21 ሕፃናት ሲገደሉ የቻይና መንግሥት እንዲከፍል የተጣለበትን ካሣ አልቀበልም አለ። ሌሎች መንግሥታት ከተሸነፈች አገር ገንዘብ ሲቆጥሩ ይህ እምቢታ የተጎጂውን ክብር የመለሰ ድርጊት ነበር። ይኸው ሰው በ1890 በሻንጋይ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ጉባኤ ላይ፣ ለአባቶች የሚደረገውን ሥርዓት እንታገሥ የሚል የዊልያም ማርቲን ጽሑፍ ሲቀርብ፣ የሚቃወም ሁሉ ቆሞ እንዲያሳይ ጠየቀ፤ አብዛኛውም ቆመ። ልብሱን የለበሰው ሰው ሰሌዳውን አልተቀበለም። አቋሙን እንደ ግብዝነት መቁጠር አይገባም፤ አክብሮት የሚያበቃበትና አምልኮ የሚጀምርበት መስመር ለቅን ሰዎችም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያሳያል።

በ1954 የተቋቋመው የሦስቱ ራስን የመቻል እንቅስቃሴ፣ ማለትም ራስን ማስተዳደር፣ ራስን መደገፍና በራስ ወንጌልን ማስፋፋት፣ ኃይሉን ያገኘው ከዚሁ ቁስል ነው። መርሖዎቹን ቀድመው ያነሡት ሚሲዮናውያንና ቻይናውያን ክርስቲያኖች ራሳቸው ነበሩ፤ መንግሥት ለራሱ ዓላማ ተጠቀመባቸው። ከ2015 ወዲህ የሚነገረው ሃይማኖትን «ቻይናዊ የማድረግ» ፖሊሲም ከፊሉ የፓርቲ ቁጥጥር ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ ብዙ ተራ ቻይናውያን የሚጋሩትን የተዋረደ ክብር የማስመለስ ስሜት ይጠቀማል። ቫቲካን በ2018 ከቻይና ጋር ስለ ጳጳሳት ሹመት የተፈራረመችውንና በ2024 ለአራት ዓመት ያደሰችውን ስምምነት ያለዚህ ታሪክ መረዳት አይቻልም። ተቺዎቹ ለእምነታቸው የታሰሩትን አሳልፎ የሰጠ ይሉታል፤ ደጋፊዎቹ ከ1700ዎቹ የተማረ ይሉታል።

ስለ «ነውር ወንጌል» የሚነሣው ክርክር

በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ብዙ የሚሲዮን መምህራን ወንጌሉ ለቻይናውያን ከበደልና ከፍርድ ይልቅ ከነውርና ከክብር ተነሥቶ ሊቀርብ ይገባል ብለው ያስተምራሉ። አዳም ዕርቃኑን አውቆ ተሸሸገ፤ የጠፋው ልጅ አባት የሰፈሩን ዐይን ሳይፈራ ሮጦ ልጁን አቀፈ፤ አማኝ ስም ያልነበረው ሲሆን በእግዚአብሔር ቤት ልጅ ተባለ። እነዚህ ከውጭ የተጨመሩ አይደሉም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉ፣ የምዕራቡ ስብከት ችላ ያላቸው ናቸው። በዚህ ረገድ ትምህርቱ ጠቅሟል።

የሚቃወሙትም በቂ ምክንያት አላቸው። በመጀመሪያ፣ ማኅበረሰብ የሚያሳፍርበት ነገር ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ልጅ ያልወለደች ሴት ወይም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የወደቀ ወጣት ያፍራሉ፤ ንስሐ የሚገቡበት በደል ግን የላቸውም። ስለዚህ ወንጌል ክብርን ይመልሳል ተብሎ ሲሰበክ ሚያንዚን የሚመልስ መስሎ ከተሰማ ብልጽግናን ከመስበክ የተለየ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የዛሬዎቹ የከተማ ቻይናውያን በአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን ያደጉ፣ ሕግ የተማሩ፣ ብዙዎቹም ስለ ኃጢአትና ስለ ጸጋ በጥብቅ የሚያስተምረውን የካልቪን ሥነ መለኮት ወድደው የያዙ ናቸው። አንድን ሕዝብ በአንድ ባሕርይ መፈረጅ ለእርሱም አክብሮት አይደለም። እንደ እኔ አመለካከት ትክክለኛው መነሻ በሊያን በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ነውርና በደል አይለያዩም፣ ኮንፊሽየስም ሆነ ነቢያቱ የሚናገሩት ስለዚያው ልብ ነው።

ክብር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ

የክብር እሴት ተልእኮውን ከውጭ ብቻ አይቀርጸውም። «የቻይና ኢየሩሳሌም» በምትባለው ዌንዦው ከተማ ነጋዴ አማኞች ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናትን በገንዘባቸው ሠርተዋል፤ ለእምነታቸው ያላቸውን ፍቅርም የስማቸውንም ክብር የሚያሳዩ ነበሩ። ጎልተው የታዩትን ያህል የመንግሥትን ዐይን ሳቡ፤ የሳንጂያንግ ቤተ ክርስቲያን በኤፕሪል 2014 ፈረሰች፣ በተከታዮቹ ዓመታትም በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር እጅግ ብዙ መስቀሎች ከጣራ ወረዱ። በስውር በሚሰበሰቡት የቤት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ክብር ተገለበጠ፦ መታሰር፣ በሌላው ዘንድ የዘር ነውር የነበረው፣ በእነርሱ ዘንድ የመጋቢ ምስክርነት ሆነ። ቤጂንግ ውስጥ ያገለግል የነበረው ዋንግ ሚንግዳው በ1955 ታስሮ፣ የተጠየቀውን የጥፋተኝነት ቃል ሰጥቶ በ1956 ተፈታ። በደሉ ሰላም ነሣው፤ ቃሉን አንሥቶ እንደገና ታሰረ፣ የተፈታውም በ1980 ነው። ያጣውን የገዛ ኅሊናውን ክብር ከሃያ ዓመት በላይ በቆየ እስር መለሰ።

ጉዳቱም አለ። መጋቢን በምእመናን ፊት መገሠጽ የማይቻልበት ጉባኤ ስሕተትን ይሸፍናል፤ ሽማግሌ ፊት እንዳይነሣ ተብሎ የሒሳብ ጉድለት በዝምታ ይታለፋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተሰጠው ትእዛዝ አስቀድሞ ለብቻ መነጋገርን ስለሚያስቀድም ከባህሉ ጋር ይስማማል፤ ለጉባኤው ንገር የሚለው መጨረሻው ግን ዛሬም ብዙዎች የማይደፍሩት ነው።

ውለታ መመለስና የተላኩት

ቻይና ተልእኮ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። በ1940ዎቹ የሰሜን ምዕራብ ቻይና ክርስቲያኖች ወንጌሉን በምዕራብ በኩል እስከ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ተነሥተው ነበር። በ2015 ደግሞ በሆንግ ኮንግ የተሰበሰቡ መሪዎች እስከ 2030 ድረስ 20,000 ሚሲዮናውያን ለመላክ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ቁጥሩ የመጣው ቀድሞ ወደ ቻይና ከተላኩት ሚሲዮናውያን ብዛት ግምት ነው፤ ቋንቋው የወንጌል ዕዳን የመክፈል ቋንቋ ነው። የተቀበሉትን ውለታ አለመመለስ በቻይናውያን ዘንድ ነውር ስለሆነ ጥሪው የብዙዎችን ልብ ነክቷል። አንድ ተቀባይ ሕዝብ ላኪ ሆኖ መቆሙም ካለፈው ውርደት የሚያወጣ መልካም ክብር ነው።

በቁጥር የተገለጸ ዕዳ ግን ሰዎችን ሳይዘጋጁ ያጣድፋል። በ2017 በፓኪስታን ኩዌታ ከተማ ሁለት ወጣት ቻይናውያን ታፍነው ተገደሉ፤ ከሃይማኖት ሥራ ጋር ተያይዞም ተዘገበ። የቻይና መንግሥት በውጭ ያለ ስሙን የሚያጎድፍ ነገር አድርጎ ስላየው ቁጥጥሩ ጠበቀ። የተላከው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን፣ የቤተሰቡንና የአገሩን ስም ተሸክሞ ሲሄድ፣ ሥራው ካልሰመረ በባዶ እጁ መመለስ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህም ድካሙን ለላኪዎቹ አይነግራቸውም።

የ2025ቱ ደንብ ከሚያስከትላቸው ውጤቶች አንዱ የውጭ ሰዎች ሥራ ከቻይና ውጭ ወደሚገኙ ቻይናውያን ማዘንበሉ ነው፤ ወደ ተማሪዎች፣ ወደ ነጋዴዎች፣ በአፍሪካ መንገድና ባቡር በሚሠሩ ኩባንያዎች ውስጥ ወዳሉ ሠራተኞች። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። በባዕድ አገር የሰፈር ዐይን ስለሚርቅ እምነት መለወጥ ይቀልላል፤ ከባዱ መመለሱ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በለንደን የተጠመቀ ወጣት በኤፕሪል መጀመሪያ ከአባቱ ጋር ወደ አያቱ መቃብር ሲሄድ አበባ ያኖራል? ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል? ዕጣኑን ሲያቀብሉትስ ምን ይላል? የታይዋን ካቶሊኮች ከ1971 ጀምሮ፣ በካርዲናል ዩ ፒን መሪነት፣ በዘመን መለወጫ አባቶችን የሚያከብሩበት ክርስቲያናዊ ሥርዓት አላቸው፤ ብዙ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ዕጣኑን ትተው መጎንበሱንና አበባውን ይቀበላሉ። የሚያጠምቁት ሰዎች ይህን ጥያቄ ከጥምቀቱ በፊት፣ ቢቻል የወጣቱ ወላጆችም በሚሰሙት መንገድ ካልተነጋገሩበት፣ በ1742 የተዘጋው ክርክር በአንድ ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ እንደ አዲስ ይከፈታል፤ ያኔ ደግሞ ወጣቱ ብቻውን ነው።